ከውጭ አገር ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚደረግ ጉዞ፦ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሥርዓት የሚፈጸመው የት ነው?

ከውጭ አገር ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ጎጃም ዞን የሚያመሩ መንገደኞች ጉዟቸው በአንድ በረራ አያበቃም። አዲስ አበባ ቦሌ ከደረሱ በኋላ ከፊሎቹ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በመኪና ወደ ሞጣ ይሄዳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ በየብስ ተነሥተው የዓባይን በረሃ በመሻገር በደጀን በኩል ቢቸና ይገባሉ። እንዲህ ባለ ጉዞ ፓስፖርት የሚታየውና ሻንጣ የሚፈተሸው በመጀመሪያ በሚያርፉበት ስፍራ ነው ወይስ በመጨረሻ በሚደርሱበት ከተማ? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ መንገደኛው በየደረጃው ሊያሟላ የሚገባውንም ያብራራል።

አጠቃላይ ሥርዓቱ

መንገደኛውም ሆነ አብሮት የመጣው ሻንጣ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሥርዓት የሚፈጸምላቸው ወደ ኢትዮጵያ በመጀመሪያ በገቡበት ሕጋዊ የመግቢያ በር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ፣ በአውሮፕላንም ይሁን በመኪና፣ የአገር ውስጥ ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር ያረፈ አውሮፕላን መንገደኞች የመግቢያ ማኅተም አይመታላቸውም፤ ምክንያቱም ድንበር አልተሻገሩም።

ስለዚህ መንገደኛው ሊይዘው የሚገባ ዋና ቁም ነገር አንድ ነው፦ በመግቢያው በር መፈጸም ያለበትን ሁሉ ከአዳራሹ ሳይወጡ መፈጸም። ማኅተሙ ሳይመታ፣ ቀረጡ ሳይከፈል ወይም የያዘው ገንዘብ ሳይመዘገብ የቀረ ሰው ጉዳዩን ለማስተካከል ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተመልሶ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለመጓዝ ይገደዳል። የጉዞ ወጪና ጊዜ ከማባከኑም በላይ፣ በወቅቱ ያልተገለጸ ዕቃ በኋላ ሲገኝ እንደ ኮንትሮባንድ ሊታይ ይችላል።

ሥርዓቱ በኢትዮጵያ ብቻ የሚሠራበት አይደለም። ከውጭ ወደብ ተነሥቶ የአንድን አገር በርካታ ወደቦች በየተራ የሚጎበኝ የመንገደኞች መርከብ በመርሕ ደረጃ መንገደኞቹን ለኢሚግሬሽንና ለጉምሩክ የሚያቀርበው በዚያ አገር በመጀመሪያ በደረሰበት ወደብ ነው። ቀጣዮቹ ወደቦች ለመንገደኛው የአገር ውስጥ ማረፊያዎች ናቸው። በአገራችንም ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ መንገደኛ የመግቢያ ሥርዓቱን በደወሌ ይፈጽማል፤ በድሬዳዋ ወይም በአዳማ ሲወርድ እንደ ማንኛውም የአገር ውስጥ ተሳፋሪ ይወርዳል። በጣና ሐይቅ ላይ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደቅ ደሴት በኩል ጎርጎራ የሚደርስ ጀልባ ደግሞ ከመነሻው እስከ መድረሻው ከአገር ስለማይወጣ የኢሚግሬሽንም ሆነ የጉምሩክ ሥርዓት አይመለከተውም።

ይሁን እንጂ የሻንጣ ፍተሻ ቦታ ከአገር አገር ስለሚለያይ መንገደኞች ሊሳሳቱ ይችላሉ። በአውሮፓ ሸንገን አገሮች ፓስፖርት የሚታየው በመጀመሪያው አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ በአውሮፕላኑ የጭነት ክፍል የተጫነ ሻንጣ ግን ለጉምሩክ የሚቀርበው በመጨረሻው ማረፊያ ነው። በአሜሪካ ሁለቱም በመጀመሪያው መግቢያ ይፈጸማሉ። የአውሮፓውን አሠራር የለመደ መንገደኛ ሻንጣው ራሱ ባሕር ዳር የሚደርስ መስሎት ቦሌ ላይ ሳይረከበው ሊወጣ ይችላል። የኢትዮጵያ አሠራር ከሁለተኛው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ቦሌ ላይ በቅደም ተከተል የሚፈጸሙ ተግባራት

አንደኛ፣ ኢሚግሬሽን። በኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 እና በማሻሻያዎቹ መሠረት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ሰው የጸና የጉዞ ሰነድ ሊኖረው ይገባል፤ የውጭ አገር ዜጋ ከሆነም እንደ ሁኔታው ቪዛ ያስፈልገዋል። መንገደኞች በአራት ወገን ሊታዩ ይችላሉ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ፓስፖርቱን በማቅረብ ይገባል። በውጭ አገር ሳለ ፓስፖርቱ የጠፋበት ወይም በሌላ ሰው እጅ የቀረበት ዜጋ ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በሚሰጠው ሊሴ ፓሴ አማካይነት ወደ አገሩ መመለስ ይችላል። ሊሴ ፓሴ ለመመለሻ ጉዞ የሚሰጥ ሰነድ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ዳግም ወደ ውጭ ለመሄድ ከፈለገ አዲስ ፓስፖርት ማውጣት ይኖርበታል።

የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ፓስፖርቱንና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርዱን ያቀርባል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የካርዱ ባለቤት የመግቢያ ቪዛም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ አገር ዜጋም በአዋጁ ትርጓሜ ውስጥ ይካተታል። ነገር ግን የአባት ወይም የእናት ካርድ ለልጅ አያገለግልም። በውጭ አገር ተወልደው የዚያን አገር ፓስፖርት የያዙ ልጆች አያቶቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ሞጣ ሲመጡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ካርድ ወይም ቪዛ ሊኖራቸው ይገባል።

ካርዱን ያላወጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንዲሁም ሌላ የውጭ አገር ዜጋ በቪዛ ይገባል። ቪዛውን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ያገኘ መንገደኛ ቪዛው የሚያገለግልበትን የመግቢያ በር፣ የቆይታውን ጊዜና የሚፈቅደውን የመግቢያ ብዛት ከጉዞው በፊት ማንበብ ይኖርበታል። ለአንድ ጊዜ መግቢያ በተሰጠ ቪዛ የመጣ ሰው ባሕር ዳር፣ ሞጣና ቢቸና ደርሶ ቢመለስ ቪዛው አይነካም። ጅቡቲ ወይም ናይሮቢ ደርሶ ለመመለስ ቢያስብ ግን አዲስ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሌላ አገር ሆነው በመርከብ ለመዝናናት ለሚያስቡ ኢትዮጵያውያንም ነገሩ ያው ነው፦ መርከቡ በጉዞው መካከል አንድ የውጭ ወደብ ከነካ፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ የተሰጠ ቪዛ ወደተነሡበት አገር ላያስመልሳቸው ይችላል።

የቢጫ ወባ በሽታ ከሚገኝባቸው አገሮች የሚመጡ መንገደኞች ደግሞ የክትባት ማስረጃ ሊጠየቁ ስለሚችሉ ይዘው መምጣት ይገባቸዋል።

ከመስኮቱ ሳይርቁ ማኅተሙ መመታቱንና ቀኑ መነበቡን ያረጋግጡ። የቆይታ ጊዜዎ የሚቆጠረው፣ ሲወጡም የሚመሳከረው በዚህ ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ሻንጣን መረከብ። በመነሻው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲያስረክቡ በመለያው ወረቀት ላይ የተጻፈው መድረሻ የት እንደሆነ ይጠይቁ። መለያው ባሕር ዳር ቢልም እንኳ ቦሌ ሲደርሱ ሻንጣውን ተረክበው ለጉምሩክ ማቅረብ እንዳለብዎ ያስቡ፤ በመድረሻው አዳራሽ የሚገኙ የአየር መንገዱን ሠራተኞችም ጠይቀው ያረጋግጡ። ሻንጣው ካልመጣ ከአዳራሹ ከመውጣትዎ በፊት የሻንጣ ጉዳይ ለሚከታተለው የአየር መንገዱ ክፍል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የማመልከቻውን ቅጂም ይያዙ። ሻንጣው በኋላ ሲደርስ የጉምሩክ ፍተሻው እንዴት እንደሚፈጸምና በቦታው መገኘት ያስፈልግዎ እንደሆነ በዚያው ጊዜ ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ጉምሩክ። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006፣ በአዋጅ ቁጥር 1160/2011 እንደተሻሻለው፣ ወደ አገር የሚገባ ዕቃ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር እንደሚውል ይደነግጋል። መንገደኛ ለግል መገልገያው የሚያመጣቸው ዕቃዎች በመመሪያ በተወሰነው ዓይነትና መጠን ከቀረጥና ታክስ ነጻ ይገባሉ። ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም በብዛቱ ለንግድ የመጣ የሚመስል ዕቃ ቀረጥና ታክስ ይከፈልበታል። የሚገለጽ ዕቃ የሌለው መንገደኛ በአረንጓዴው መስመር፣ ያለው ደግሞ በቀዩ መስመር ያልፋል። የተጠራጠረ መንገደኛ ቀዩን መስመር መምረጥ ይገባዋል፤ በቀይ መስመር ገብቶ መጠየቅ ጥፋት አይደለም፣ የሚገለጽ ዕቃ ይዞ በአረንጓዴው መውጣት ግን ዕቃውን እስከ መወረስ ሊያደርስ ይችላል።

በተለይ ሊገለጹ የሚገባቸው የውጭ አገር ገንዘብ፣ በቁጥር የበዙ የእጅ ስልኮችና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች እንዲሁም የመገናኛ መሣሪያዎች ናቸው። ያለ መግለጫ ሊያዝ የሚችለው የውጭ አገር ገንዘብ ወሰን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሚያወጣው መመሪያ የሚወሰንና በየጊዜው የሚሻሻል በመሆኑ፣ መንገደኛው ከጉዞው በፊት በወቅቱ የሚሠራበትን ወሰን መጠየቅ አለበት። ሰው አልባ አውሮፕላን፣ የሳተላይት ስልክና የመሳሰሉት ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ቅድመ ፈቃድ ሳይገኝ አይገቡም። ለታመመ ቤተሰብ መድኃኒት የሚያመጣ ሰው መድኃኒቱን ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዝ።

አራተኛ፣ የአገር ውስጥ በረራ። ከጉምሩክ በኋላ መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ በዚያው ቅጥር ግቢ ወደሚገኘው የአገር ውስጥ መንገደኞች ተርሚናል ይሄዳል፤ እንደገና ይመዘገባል፤ እንደገናም ለደኅንነት ይፈተሻል። ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚወስድ በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፋ ያለ ጊዜ መተው ያስፈልጋል። በተለይ ማለዳ በርካታ አውሮፕላኖች በተቀራራቢ ሰዓት ስለሚያርፉ ሰልፉ ሊረዝም ይችላል። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከተገዙና የመጀመሪያው ከዘገየ አየር መንገዱ በቀጣዩ በረራ ያስተናግዳል፤ ለየብቻ የተገዙ ከሆነ ግን ኪሳራው በመንገደኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል። የአገር ውስጥ በረራ የሚፈቅደው የሻንጣ ክብደትም ከዓለም አቀፉ ያነሰ በመሆኑ፣ ትኬቱን ለብቻው የገዛ መንገደኛ ለትርፍ ክብደት ሊጠየቅ እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ።

ከመግቢያው በር በኋላ፦ ሁለቱ መንገዶች

ሞጣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ለሞጣ ተጓዥ በባሕር ዳር በኩል ያለው መንገድ ያጥራል። ቢቸና ደግሞ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ በመሆኗ ብዙውን ጊዜ በደጀን በኩል በየብስ ይደረስባታል። ሁለቱ ከተሞች ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ላይ ይገኛሉ። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የመግቢያ ሥርዓቱ አይለወጥም፤ ሁለቱም ከቦሌ በኋላ የአገር ውስጥ ጉዞ ናቸው።

ይህ ማለት ግን በመንገድ ላይ የሚጠይቅ የለም ማለት አይደለም። ድሮ ነጋዴዎች በየኬላው ቆመው ቀረጥ ይከፍሉ ነበር። ዛሬ በአግባቡ ቀረጥ የተከፈለበት ወይም ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ በየከተማው እንደገና የጉምሩክ ቀረጥ አይጠየቅበትም፤ ሆኖም ኮንትሮባንድን ለመከላከል በመንገድ ላይ ፍተሻ ሊኖር ይችላል። በዚያን ጊዜ ዕቃው በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያስረዳው ደረሰኙ ወይም የጉምሩክ ሰነዱ ነው። ስለሆነም ሰነዱን ከዕቃው ጋር ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዙት፤ ሞጣ ወይም ቢቸና ከደረሱም በኋላ አይጣሉት። ዕቃውን በሌላ መኪና የሚልኩ ከሆነ የሰነዱን ቅጂ ለጫኚው ይስጡት።

ከሱዳን በመተማ ዮሐንስ በኩል የሚገባ መንገደኛም የመግቢያና የጉምሩክ ሥርዓቱን በዚያው በድንበር ከተማው ይፈጽማል፤ በጎንደርና በባሕር ዳር አልፎ ሞጣ ሲደርስ ሌላ የመግቢያ ሥርዓት አይጠብቀውም። ከጉዞው በፊት ግን በሩ ለመንገደኞች ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ከሕጋዊው በር ውጭ የገባ ሰው በፓስፖርቱ ላይ የመግቢያ ማኅተም ስለማይኖረው በሚወጣበት ጊዜ ችግር ይገጥመዋል።

ከመንገደኛው ተለይቶ የሚመጣ ዕቃ

እስካሁን የተገለጸው ሥርዓት የሚመለከተው መንገደኛውንና አብሮት የመጣውን ሻንጣ ነው። ለብቻው በጭነት የተላከ ዕቃ ግን ከመጀመሪያው በር አልፎ በመሀል አገር ሊፈተሽ ይችላል። ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት በመሆኗ አብዛኛው የባሕር ጭነቷ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። በመልቲ ሞዳል ሥርዓት አንድ ኮንቴይነር በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ፣ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ሆኖ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይጓዝና ቀረጥና ታክሱ እዚያ ይከፈላል። በአየር የተላከ ጭነትም ከመንገደኞች አዳራሽ ሳይሆን ከጭነት ክፍሉ በጉምሩክ በኩል ይለቀቃል።

ስለዚህ የቤት ዕቃ ለወላጆቹ የላከ ሰው ቦሌ ሲያርፍ ጭነቱንም አብሮ ለመረከብ መጠበቅ የለበትም። የማጓጓዣ ሰነዱን፣ የዋጋ ደረሰኙንና የፓስፖርቱን ቅጂ ይዞ ጭነቱ ወደደረሰበት የጉምሩክ ጣቢያ ይቀርባል፤ ወይም በሕጋዊ ውክልና የጉምሩክ አስተላላፊ ፈቃድ ያለውን ሰው ያሠራል። ፈቃድ ለሌለው ደላላ ገንዘብና ሰነድ ማስረከብ ለማጭበርበር ያጋልጣል።

ስለ አደራ ዕቃ

ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ከጎረቤትና ከወዳጅ አደራ መቀበሉ የቆየ ባህላችን ነው። በጉምሩክ ፊት ግን በሻንጣው ውስጥ ላለው ዕቃ ሁሉ ተጠያቂው ሻንጣውን የያዘው ሰው ነው፤ «የሰው አደራ ነው፣ ምን እንዳለው አላውቅም» ማለት ከኃላፊነት ነጻ አያደርግም። ስለሆነም የታሸገ አደራ አይቀበሉ። ዕቃው ተከፍቶ ይታይ፣ ምንነቱ ይታወቅ፣ የላኪውና የተቀባዩ ስምና ስልክ ይመዝገብ። ይህን መጠየቅ ላኪውን አለማመን ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት የሚደርስ ክስ የብዙ ዓመት እስራት ያስከትላል፤ መዘዙም ለሁለቱም ቤተሰብ ይተርፋል።

ሲመለሱ

የመውጫው ሥርዓት የመግቢያው ግልባጭ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በቦሌ በኩል ወደ ውጭ የሚሄድ መንገደኛ በባሕር ዳር የሚያልፈው የደኅንነት ፍተሻ ብቻ ሲሆን የመውጫ ማኅተሙ ቦሌ ይመታል። የቪዛው ጊዜ ሊያበቃ የተቃረበ እንግዳ ጊዜው ሳያልፍ ማራዘሚያ መጠየቅ አለበት፤ ሞጣ ወይም ቢቸና ሳለ ጊዜው ካለፈ ቦሌ ሲደርስ ቅጣት ይጠየቃል፣ በረራውም ሊያመልጠው ይችላል።

ከአካባቢው የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ሥዕል ወይም ሌላ ጥንታዊ የሚመስል ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ዕቃው አዲስ የተሠራ ከሆነም ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከቅርስ ባለሥልጣን በቅድሚያ ማግኘት ይገባል፤ በመውጫው ሰዓት ቦሌ ላይ ቆሞ ማስረዳት በቂ አይደለም።

ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ የቢቸናና የሞጣ አካባቢ ነዋሪዎች ደግሞ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው መሠረት የጸደቀ የሥራ ውል ሊኖራቸው ይገባል። በጉብኝት ቪዛ ሄዶ ሥራ መጀመር ይቻላል የሚል ደላላ የሚያቀርበው መንገድ ሠራተኛውን ከሕግ ጥበቃ ውጭ ያደርገዋል።

ከጉዞ በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው

፩. የፓስፖርት፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ ወይም የቪዛ ጊዜ ያላለፈ መሆኑ፤ ለልጆችም ለየብቻ መያዙ።
፪. ዓለም አቀፉና የአገር ውስጡ በረራ በተቻለ መጠን በአንድ ትኬት መገዛታቸውና በመካከላቸው በቂ ጊዜ መኖሩ።
፫. በሻንጣ ውስጥ ያለው ዕቃ ዝርዝር፣ የዋጋ ደረሰኝና የመድኃኒት ማዘዣ በእጅ ቦርሳ መያዛቸው።
፬. የሚያዘው የውጭ አገር ገንዘብ መጠን በወቅቱ ከሚሠራበት ወሰን ጋር መመሳከሩ።
፭. ቦሌ ላይ ማኅተሙ መመታቱ፣ ሻንጣው መረከቡና የጉምሩክ ሰነዱ መያዙ።

ስለ ቪዛ፣ ስለ ፓስፖርትና ስለ ቆይታ ፈቃድ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎትን፣ ስለ ዕቃና ስለ ቀረጥ የጉምሩክ ኮሚሽንን መጠየቅ ይቻላል። በውጭ አገር የሚገኙ ተገልጋዮች በአቅራቢያቸው ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል መረጃ ያገኛሉ። ጥያቄ ያለው መንገደኛ ትኬቱን ከመግዛቱ በፊት እንዲጠይቅ ይመከራል፤ ከመነሻው የሚፈታ ጉዳይ ከመንገድ መመለስን ያስቀራል።